የተሰባበሩ የድሮ መጫወቻ ወታደሮችን ቤት ባለ ነገር መጠገንና መቀባት

የምንኖረው ሎንዶን ነው። ጎረቤቴ የሆኑ አንድ አዛውንት ቤታቸውን ሲያስተካክሉ አንድ ያረጀ የብስኩት ቆርቆሮ ይዘውልኝ መጡ። ክዳኑን ስከፍተው በትንንሽ ወታደሮች ተሞልቷል። ቀይ ኮት የለበሱ፣ ጥቁር ረጅም ቆብ የደፉ። ግማሾቹ አንገታቸው ተቀንጥሷል። ፈረሶቹ በሁለትና በሦስት እግር ቀርተዋል። አንዱ ጠመንጃ የለውም፣ ሌላው ክንድ የለውም። አዛውንቱ ልጅ ሳሉ ከወንድማቸው ጋር የተጫወቱባቸው ናቸው። "ልጥላቸው አልቻልኩም፤ እንዲህ ሆነው ማየቱም ከበደኝ" አሉኝ። ተቀብዬ አንድ በአንድ ጠገንኳቸው። ከዚያ ወዲህ ማታ ማታ የምሠራው ይህን ነው።

ሥራው ብዙ ወጪ የለውም። አብዛኛው ነገር ቤታችሁ ውስጥ አለ። ክብሪት፣ ስቴኪኒ፣ ስፒል፣ አግራፍ፣ ከተበላሸ ገመድ የተላጠ የመዳብ ሽቦ፣ ቤኪንግ ሶዳ፣ የእቃ ሳሙና፣ ያረጀ የጥርስ ብሩሽ፣ የጆሮ ማፅጃ ጥጥ፣ ወረንጦ፣ የጥፍር ሞረድ፣ የጠርሙስ ቆርኪ። የሚገዛው ሱፐር ግሉ፣ በሁለት ቱቦ የሚሸጠው ኢፖክሲ ማጣበቂያ፣ አምስት ስድስት ዓይነት አክሪሊክ (በውሃ የሚቀጥን) ቀለም፣ ሁለት ቀጭን ብሩሽና ትንሽ የሚያብረቀርቅ ቫርኒሽ ነው።

መጀመሪያ ከምን እንደተሠራ እወቁ

ይህን ሳታውቁ ምንም አትንኩ። አንዱን የሚያድነው ዘዴ ሌላውን ያበላሸዋል።

አሮጌዎቹ በአብዛኛው የእርሳስ ናቸው። የምንጽፍበትን እርሳስ ማለቴ አይደለም፤ ከባዱን ማዕድን ነው። ስታነሱት ከመጠኑ በላይ ይከብዳል። ቀለሙ የለቀቀበት ቦታ አመድማ ነው። ማግኔት አይስበውም። እግሩ ሥር ወይም ፈረሱ ሆድ ላይ "ሜድ ኢን ኢንግላንድ" የሚል ጽሑፍ ካለው ደግሞ ውስጡ ባዶ ሊሆን ይችላል። ይህን ውስጡ ባዶ የሆነ አሠራር እ.ኤ.አ. በ1893 ሎንዶን ላይ የጀመረው ታናሹ ዊልያም ብሪትን ነው። የቀለጠው እርሳስ ቅርጽ ማውጫው ውስጥ ይፈሳል። ከጠርዙ የነካው ወዲያው ይረጋል፤ መሀሉ ገና ፈሳሽ ነው። ያን ፈሳሽ መልሰው ያፈሱታል፤ የሚቀረው ቅርፊቱ ብቻ ነው። እርሳሱ ስለሚቀንስ ዋጋው ረከሰ። ድፍን ሆነው ከጀርመን ይመጡ የነበሩትን ወታደሮች የተፎካከረውም በዚህ ነው። ለጠጋኝ ይህ ትልቅ ነገር ነው። አንገቱ ቀጭን ቱቦ ስለሆነ ቶሎ ይሰበራል። ባዶ ስለሆነ ግን ማያያዣ ይገባበታል።

ፕላስቲኩን ለመለየት አይቸግርም። ቀላል ነው፣ ጠመንጃው በጣት ሲገፋ ይተጣጠፋል። እንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ አጋማሽ የእርሳስ ወታደር መሥራት ሲቆም ቦታውን የያዘው ፕላስቲክ ነው።

ሦስተኛ ዓይነት አለ። ኤላስቶሊንና ሊኔኦል የሚባሉት የጀርመን ፋብሪካዎች ይሠሩት የነበረው፣ ሰጋቱራ ከማጣበቂያ ጋር ተቦክቶ ሽቦ ላይ የተለሰነ ነው። ስንጥቅ ካለው፣ በስንጥቁ ውስጥ የዛገ ሽቦ ወይም የእንጨት ብናኝ ከታያችሁ እሱ ነው። ይህን ውሃ አታስነኩት፤ ያብጥና ይፈርሳል። አቧራውን በደረቅ ለስላሳ ብሩሽ ብቻ አራግፉለት።

እርሳስ መርዝ ነው

ይህን ሳልል አላልፍም። እርሳስ ሰውነት ውስጥ ከገባ ይጎዳል፤ ልጆችንና ነፍሰ ጡሮችን ደግሞ ይበልጥ። የድሮው ቀለምም ራሱ እርሳስ ሊኖርበት ይችላል። ስለዚህ የምግብ ጠረጴዛ ላይ አትሥሩ። ጋዜጣ አንጥፉ፣ ጓንት አድርጉ፣ ቡናውንና ሻዩን ከአጠገባችሁ አርቁ። ብሩሽ በምላስ ማሾል ልማድ የሆነባችሁ ካላችሁ እዚህ ላይ ተዉት።

የእርሳስ ወታደር በደረቁ በብርጭቆ ወረቀት አይፈተግም። ብናኙ አየር ላይ ይወጣል። የግድ ማለስለስ ካለባችሁ ብርጭቆ ወረቀቱን በውሃ አርሱት፤ ከዚያ በእርጥብ ወረቀት ጠርጉና ወረቀቱን ከጋዜጣው ጋር ጠቅልላችሁ ጣሉ። እሳትም አታቅርቡ። እርሳስ በ327 ዲግሪ ይቀልጣል፤ ከቆርቆሮና አንቲሞኒ ከሚባለው ማዕድን ጋር ሲቀላቀል ደግሞ ከዚያም በታች። በእሳት አበይዳለሁ ብላችሁ ወታደሩን ጠብታ ታደርጉታላችሁ፤ ጭሱንም ትስባላችሁ። ስትጨርሱ እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ።

ልጅ የሚጫወትበትን መጠገን ከፈለጋችሁ ፕላስቲኮቹን ጠግኑለት። የእርሳሶቹ ቦታ መደርደሪያ ነው፤ ቢቀቡም ቢያብረቀርቁም።

መቀባት አለበት ወይ?

ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይቸኩላል። ያረጀ ነገር ሁሉ አዲስ ቀለም ይፈልጋል ብሎ ያስባል። አይደለም። ፋብሪካ የተቀባው ቀለም ግማሽ በግማሽ እንኳ ከቀረ፣ እኔ አልነካውም። ሰብሳቢዎችም ዋጋ የሚሰጡት ለመጀመሪያው ቀለም ነው፤ እንደገና የተቀባ ወታደር ዋጋው በብዙ ይወርዳል። ስብራቱን ጠግኑ፣ አቧራውን አንሱ፣ ተዉት። ብሩሽ የሚነሳው ቀለሙ አልቆ እርሳሱ ለቀረበት፣ ወይም አንድ ልጅ ድሮ በቤት ቀለም ለለቀለቀው ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ለእኛ ለኢትዮጵያውያን። ጣሊያን አገራችንን በወረረበት ዘመን ይኸው የብሪትን ፋብሪካ የንጉሠ ነገሥቱን ክብር ዘበኞች ሠርቶ ለሎንዶን ልጆች ሸጧል። ካኪ የለበሱ፣ ጠመንጃቸውን ትከሻቸው ላይ ያደረጉ፣ በባዶ እግራቸው የሚራመዱ። አሮጌ ሳጥን ውስጥ ቡናማ ፊት ያለው፣ ጫማ የሌለው ወታደር ካገኛችሁ ቀስ ብላችሁ እዩት። አደራ፣ ቀለም አጣ ብላችሁ ጥቁር ቦቲ እንዳትቀቡለት። እንደዚያ የተደረገ አንድ አይቼ በጣም አዝኛለሁ። ባዶ እግር መሄዱ ነው ታሪኩ።

ማጠብ

ለብ ያለ ውሃ፣ አንድ ጠብታ የእቃ ሳሙና፣ የጆሮ ማፅጃ ጥጥ። የእርሳሱን ወታደር ውሃ ውስጥ አትዘፍዝፉት። በቆቡ ወይም በእግሩ ባለችው ቀዳዳ ውሃ ይገባና ውስጡ ለቀናት ይቀመጣል። ጥጡን ነክሩ፣ ጨመቅ አድርጉ፣ ቀስ ብላችሁ ጥረጉ። ጥጡ ቀይ ወይም ሰማያዊ ይዞ ከመጣ አቁሙ፤ ቀለሙ እየለቀቀ ነው።

እናቶቻችን መዳብና ነሐስ በሎሚ ፈትገው ያበሩ ነበር። እዚህ ላይ አይሠራም። ሎሚም ሆነ አቼቶ የእርሳስ ጠላት ነው። የአቼቶ አሲድ እርሳስን በልቶ ወደ ነጭ ዱቄት ይለውጠዋል።

ፕላስቲኩን ግን እንደ ልባችሁ እጠቡት። በሳሙና ውሃ ለግማሽ ሰዓት ዘፍዝፉት፣ በጥርስ ብሩሽ ፈትጉት፣ አለቅልቃችሁ አድርቁ። ቅባት ከቀረበት ቀለም አይዝም።

የተጣመመውን ማቅናት

የፕላስቲክ ጠመንጃ ከተጣመመ ውሃ አፍሉ፣ ከእሳት አውርዱና ሁለት ደቂቃ ያህል ጠብቁ። ጠመንጃውን ለግማሽ ደቂቃ ንከሩት። ሲለሰልስ በጣታችሁ አቅኑት፣ እንደያዛችሁት ወዲያው ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ክተቱት። ደርቆ እንደቀናው ይቀራል። ተመልሶ ከጎበጠ ድገሙት። አንዳንድ ፕላስቲክ በፀሐይና በዕድሜ ይደርቅና እንደ ብስኩት ይሰበራል። ስትነኩት ፍርክስ የሚል ከሆነ ልታቀኑት አትሞክሩ።

የእርሳስ ጠመንጃ ሌላ ነው። ለስላሳ ይመስላል፤ አንቲሞኒ ስላለበት ግን ወዲያ ወዲህ ሲሉት ይቀነጠሳል። አንድ ጊዜ፣ በአንድ አቅጣጫ፣ ቀስ ብላችሁ። ፒንሳ ከተጠቀማችሁ አፉን በጨርቅ ጠቅልሉት። ትንሽ ጎብጦ ቢቀር ይሻላል፤ ሰብሮ ከመጨነቅ።

አንገት

የዚህ ሥራ ልብ ይኸው ነው። የወደቀ ወታደር መጀመሪያ የሚሰበረው አንገቱ ነው። መድኃኒቱም የታወቀና የቆየ ነው፦ የክብሪት እንጨት።

የክብሪቱን ጭንቅላት ቁረጡ። እንጨቱን በምላጭ ቀርጻችሁ አቅጥኑ፤ አንገቱ ውስጥ ጠበቅ ብሎ የሚገባ፣ ግን የማይገፋ ይሁን። በጉልበት ከከተታችሁት ቀጭኑ ቅርፊት ይሰነጠቃል። ግማሹ ወደ ደረት፣ ግማሹ ወደ ጭንቅላት ይግባ። ርዝመቱ በጠቅላላ አንድ ሳንቲ ሜትር ያህል ይበቃል። ሙጫ ሳታደርጉ መጀመሪያ በደረቁ ሞክሩት። ጭንቅላቱ በደንብ ይቀመጣል? ስብራቱ ከስብራቱ ጋር ይገጥማል? አዎ ካላችሁ ኢፖክሲውን በስቴኪኒ አዋህዱ፣ እንጨቱን ቀቡት፣ መጀመሪያ ወደ ገላው አስገቡት። ሲይዝ ጭንቅላቱን ድፉበት። የተረፈውን ኢፖክሲ ሳይደርቅ በጥጥ ጥረጉ።

አሁን ከፊት ለፊት እዩት። እንደኔ እዚህ ላይ መታገስ ያስፈልጋል። ጭንቅላቱ ትንሽ ዘወር ካለ ወታደሩ ወደ ጎን ያየ ይመስላል። አብረውት ካሉት ጓደኞቹ አንዱን አጠገቡ አቁማችሁ አስተያዩ። ከዚያ በልብስ መቆንጠጫ ወይም ጨው በሞላ ሲኒ ውስጥ ቀጥ አድርጋችሁ ትከሉት፤ እስከ ነገ አትንኩት። ጨውና ሲኒው ግን ወደ ኩሽና አይመለስም። ለዚህ ሥራ ብቻ ይሁን።

እንጨት ራሱ ትንሽ አሲድ ስላለው አሁን አሁን በክብሪቱ ፋንታ የመዳብ ሽቦ እጠቀማለሁ። ሁለት ሦስት ክር ገምዳችሁ በኢፖክሲ ስትከቱት ጥሩ ይይዛል። ነጭ ኮላ ግን ለእርሳስ አይሆንም። ስታሸቱት ቆምጠጥ ይላል፤ ያ ሽታ እርሳሱን ይጎዳዋል።

ከጎረቤቴ ወታደሮች አንዱ አንገቱ ይወዛወዝ ነበር። ጭንቅላቱን ቀስ ብዬ ሳነሳው ከውስጡ ያረጀ ክብሪት ብቅ አለ። የድሮ ጥገና ነው። ወስጄ አሳየኋቸው። ለረጅም ጊዜ ዝም ብለው አዩትና፣ "አባቴ ነው" አሉ። ወንድማቸው ሰብሮት፣ ሲያለቅሱ፣ አባታቸው ማታ ከሥራ ገብተው ከሲጋራ ክብሪታቸው አንድ አውጥተው ጠገኑላቸው። ያን ክብሪት አልቀየርኩትም። ዙሪያውን ትንሽ ኢፖክሲ አድርጌ መልሼ ገጠምኩት። እናንተም እንደዚህ ያለ ነገር ካገኛችሁ፣ የሚይዝ እስከሆነ ድረስ አትጣሉት።

ክንድ፣ መሣሪያና የፈረስ እግር

የብሪትን ወታደሮች ብዙዎቹ አንድ ክንዳቸው ትከሻቸው ላይ ባለች ጉጥ ይዞራል። ጉጧ ካለች ሥራው ቀላል ነው። ከመዳብ ሽቦ የክንድ ቅርጽ ሥሩ፣ ጫፉን ጉጧ ላይ የሚጠመጠም ቀለበት አድርጉት። ከዚያ ሥጋ ማልበስ ነው። ሽቦው ላይ አንድ ጠብታ ሱፐር ግሉ፣ ከላይ ቆንጠር ያለች ቤኪንግ ሶዳ ነስነስ። ወዲያው እንደ ድንጋይ ይጠነክራል። በዚህ ዓይነት ንብርብር በንብርብር አወፍሩት፣ ከዚያ በጥፍር ሞረድ ቅርጽ አውጡለት። ቤኪንግ ፓውደር ሌላ ነገር ነው፤ አትሳሳቱ። መስኮት ክፈቱ፤ ሲጠነክር ይሞቃል፣ ዓይንም ያቃጥላል። ሱፐር ግሉ ጥጥ ላይ ከፈሰሰ በጣም ይግላል፤ ስለዚህ የፈሰሰውን በጥጥም ሆነ በጥጥ ጓንት አትጥረጉ።

ይኸው ድብልቅ የተቦረቦረ ኮትና የተሸረፈ የቆብ ጫፍም ይሞላል።

ለጎራዴ ቀጥ ያለ ስፒል በቂ ነው። ጫፉን በፒንሳ ቁረጡት እንጂ ሹል አትተዉት። ለሳንጃ የስፒሉ ግማሽ ይበቃል። የጠመንጃ አፈሙዝ ከአግራፍ፣ ሰደፉ ከስቴኪኒ ይሠራል።

የፈረስ እግር ያስቸግራል። ቀጭን ሆኖ ሙሉ ክብደት ይሸከማል፤ ሙጫ ብቻውን አይችለውም። ስብራቱን በኢፖክሲ ገጥማችሁ፣ ሲደርቅ በእግሩ የውስጥ በኩል፣ ሰው በማያየው ጎን፣ አጭር የአግራፍ ሽቦ እንደ ስብራት መጠገኛ እንጨት አስደግፉ። በኢፖክሲ ሸፍኑት። ወጌሻ እጅ ሲያስር እንደሚያደርገው ማለት ነው። ቀለም ሲቀባ አይታይም። እግሩ ጨርሶ ከጠፋ ሽቦውን ከጉልበቱ በላይ ካለው ጉቶ ጋር አያይዙና በሶዳው ዘዴ አልብሱት። ሌላኛውን እግር እያያችሁ ሥሩ።

ቀለም

ወታደሩን ቆርኪ ላይ በትንሽ ማስቲካ ወይም በሁለት ፊት በሚያጣብቅ ፕላስተር አቁሙት። ከዚያ በኋላ የምትይዙት ቆርኪውን ነው። ጣት የነካው ቦታ ቀለም አይይዝም።

ለእርሳስ መጀመሪያ የመኪና ፕራይመር (ከቀለም በፊት የሚነፋ መነሻ ቅብ) ስፕሬይ፣ ደጅ ወጥታችሁ፣ በስሱ። ፕላስቲክ ግን ቀለም አይወድም፤ ጠመንጃው ሲተጣጠፍ ቅርፊቱ ይረግፋል። እዚህ ላይ ነጩ ኮላ ይጠቅማል። ሁለት እጅ ኮላ በአንድ እጅ ውሃ አቅጥናችሁ ሁለመናውን ቀቡት። ሲደርቅ እንደ ቆዳ ይሸፍነዋል፤ ቀለሙ የሚይዘው እሱን ነው።

የድሮ ወታደር የድሮ መልክ ያምርበታል። እነዚህን ፋብሪካ ውስጥ የሚቀቡት፣ ብዙዎቹ ሴቶች፣ በቁጥር የሚሠሩ ሰዎች ነበሩ። ጥላና ብርሃን እያወጡ የሚያስቡበት ጊዜ አልነበራቸውም። ንጹሕ ቀይ፣ ንጹሕ ጥቁር፣ ጉንጭ ላይ ሮዝ ነጥብ፣ ለዓይን ሁለት ጥቁር ነጠብጣብ። እናንተም እንዲሁ አድርጉ። ቀለሙ እንደ ወተት ይቅጠን፤ አንድ ወፍራም ቅብ ሳይሆን ሁለት ሦስት ስስ ቅብ። ቁልፉና መታጠፊያው መታየት አለበት።

ከውስጥ ወደ ውጭ ሂዱ። ፊትና እጅ ይቅደም፤ ነጭ ላይ ትንሽ ቀይና ትንሽ ቡናማ። ለክብር ዘበኛችን ቡናማ ላይ ትንሽ ቀይና ቢጫ። ከዚያ ኮት፣ ሱሪ፣ ቆብ። ነጩ ቀበቶ ከኮቱ በኋላ ይመጣል፤ ቀይ ላይ ነጭ ሁለቴ ይፈልጋል። ጠመንጃና ጫማ ቀጥሎ። ፊት ላይ ያለው ዝርዝር መጨረሻ ላይ ነው። ለዓይን ብሩሽ አልጠቀምም። የስፒል ጭንቅላት ጥቁር ነክሬ ነካ አደርጋለሁ። ለወርቃማ ቁልፍ የስቴኪኒ ጫፍ ከወርቃማ የጥፍር ቀለም ጋር ግሩም ነው።

ቀይ ኮትና የድብ ፀጉር ቆብ ያላቸው የእንግሊዝ ንጉሣዊ ዘበኞች አምስት ክፍለ ጦር ናቸው፤ የሚለዩትም በጥቂት ነጠብጣብ ነው። የግሬናዲየር ቁልፍ አንድ አንድ ሆኖ ይደረደራል፤ ቆቡ ላይ በግራ ነጭ ላባ አለ። የኮልድስትሪም ሁለት ሁለት፤ ላባው ቀይ፣ በቀኝ። የስኮትስ ሦስት ሦስት፤ ላባ የለውም። የአይሪሽ አራት አራት፤ ሰማያዊ፣ በቀኝ። የዌልሽ አምስት አምስት፤ ነጭ አረንጓዴ ነጭ፣ በግራ። ግራና ቀኙ የወታደሩ ነው እንጂ የእናንተ አይደለም። ላባው ተቀርጾ ከተሠራ፣ በየትኛው ጎን እንዳለ አይታችሁ ቀለሙን ምረጡ። የአይሪሽ ክፍለ ጦር የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1900፣ የዌልሹ በ1915 ነው። ይህን አንድ ቀን ሙሉ ሳጠና ውዬ ነው የመጀመሪያውን ላባ የቀባሁት፤ ደስታው እስካሁን ከእኔ ጋር አለ።

የቆመበት መሬት አረንጓዴ ይቀባል። እሱ የመጨረሻው ነው።

ቫርኒሽና ማስቀመጫ

ቀለሙ አንድ ቀን ሙሉ ይድረቅ። ከዚያ የሚያብረቀርቅ የውሃ ቫርኒሽ ሁለት ጊዜ፣ በመካከሉ አድርቃችሁ። የእርሳሱን ከእግሩ ሥር ጭምር ቀቡት፤ እጅ የሚነካው እርሳስ አይቅር። በቫርኒሽ ፋንታ የፀጉር ስፕሬይ የሚጠቀሙ አሉ። ይጣበቃል፣ አቧራ ይሰበስባል፤ አልመክርም።

ማስቀመጫው ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። የእንጨት መሳቢያ፣ በተለይ የኦክ፣ እንዲሁም ተራ ካርቶን፣ ቀስ በቀስ አሲድ ያተናል። ወታደሮቹ ተዘግቶባቸው ከቆዩ ነጭ ዱቄት ያወጣሉ። አዲስ የተሞላ፣ አቼቶ አቼቶ የሚል የመታጠቢያ ቤት ሲሊኮን አጠገብም አታስቀምጧቸው። የብርጭቆ ወይም የብረት መደርደሪያ ጥሩ ነው። ሣጥን ከሆነ ለምግብ የሚሆን ፕላስቲክ፣ ውስጡ የታጠበ ነጭ የጥጥ ጨርቅ። አንዱ ነጭ ዱቄት ካወጣ በማስክና በጓንት ከሌሎቹ ለዩት፣ አትንፉበት።

ከሣጥኑ ጋር አንድ ወረቀት አኑሩ። የትኛው ወታደር ምኑ እንደተጠገነ፣ በምን ሙጫ፣ የትኛው ቀለም የፋብሪካ የትኛው የእናንተ እንደሆነ ጻፉበት። ነገ ሌላ ሰው ሲያገኘው ከየት እንደሚጀምር ያውቃል። ለጎረቤቴ በመለስኩት ሣጥን ውስጥ ያለው ወረቀት ሰባተኛው መስመር ላይ እንዲህ ይላል፦ "ቀይ ኮት፣ አንገት። ክብሪት፣ የአባት ሥራ። አልተቀየረም።"